ጠዋት አልነሳ ያለ ሃርድ ዲስክ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂዋ ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ያሉት በአጭሩ ይህን ነው፦

«የሱቄ ኮምፒውተር ፔንቲየም 4 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ አለው፣ ሃርዱ ባለ 80 ጊጋ ነው። ጠዋት ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ ‹ዲስክ ቡት ፌይለር› የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ኮንትሮል፣ አልት፣ ዴሊት ስጫን አንዳንዴ በሁለተኛው፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ይነሳል። ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ምንም አይለኝም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይብስበታል። ሰዓቱም ወደ 2002 ይመለስብኛል። አንዱ ባለሙያ ሃርዱ አልቆለታል፣ ፎርማት እናድርገው አለኝ። ሌላው ደግሞ ሃርዱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው አለ። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኞቼ ማመልከቻና ውል፣ የስንት ዓመት ሥራዬ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ስለ ሁለቱ ምክሮች። ፎርማት አያስደርጉት። ፍሪጅ ውስጥም አያሳድሩት። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሃርዱ አልሞተም። ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ከሃርዱ ይልቅ የምጠረጥረው ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነው።

ፍንጩን እንደ ዋዛ ጽፈውታል። «ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ምንም አይለኝም» ብለዋል። ያለቀለት ሃርድ እንዲህ ጨዋ አይሆንም። ሥራ መሃል ቀጥ ይላል። አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል። ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ ወይም ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የእርስዎ ችግር ግን ያለው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይ ብቻ ነው።

በእነዚያ ሰከንዶች የሚሆነውን ልንገርዎ። የሲፒዩውን ቁልፍ ሲጫኑ (ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ማለት ስህተት ነው ይላሉ፤ አገሩ ሁሉ የሚለውን እኔም እላለሁ) ፓወር ሰፕላዩ ለሃርዱ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይልካል። በቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ በቢጫው 12 ቮልት። ባለ 5ቱ የሚሄደው ለሃርዱ ለራሱ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ባለ 12ቱ ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ ቆሞ ከነበረበት ተነስቶ በደቂቃ 7,200 ዙር እስኪደርስ አሥር ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንዳንዱ ሃርድ 5,400 ይበቃዋል። ፍጥነቱ ሲሞላ ማንበቢያ ጭንቅላቶቹ ከማረፊያቸው ይነሳሉ። ከዚያ ሃርዱ የራሱን የውስጥ ፕሮግራም ያነባል። ይህ ፕሮግራም በአብዛኛው የተቀመጠው እዚያው ዲስኩ ላይ፣ እኛ በማናየው ክፍል ነው። አንብቦ ሲጨርስ ነው «ዝግጁ ነኝ» የሚለው።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ደግሞ በዚህ መሃል ሥራውን ይቀጥላል። ራሙን ይቆጥራል። ኪቦርዱን ያያል። ከዚያ «ሃርድ ዲስክ አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የድሮ ባዮስ ትዕግሥቱ አጭር ነው። መልስ ካላገኘ የለም ብሎ ያልፋል፤ ወደ ፍሎፒና ወደ ሲዲ ዞሮ እዚያም ሲያጣ ያንን ጽሑፍ ያወጣልዎታል። በዚያች ሰዓት ሃርዱ ገና እየተነሳ ነው።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ዴሊት ሲጫኑ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይጀምራል እንጂ ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም። ሞተሩም መዞሩን አያቆምም። ባዮስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ሃርዱ ፍጥነቱን ሞልቶ ይጠብቀዋል። ዊንዶውስ ይነሳል፣ እርስዎም ሥራዎን ይቀጥላሉ።

ፎርማት የማይረዳውም ለዚህ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ የሚባል ነገር ገና ሳያይ ነው። ፎርማት አድርገው አዲስ ዊንዶውስ ቢጭኑበት በማግሥቱ ጠዋት ያው ጽሑፍ ይጠብቅዎታል። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ የደንበኞችዎ ፋይል አይኖርም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ፋይሉን ያውጡ። አሁን ኮምፒውተሩ ተነስቶ ከሆነ ሳያጠፉት ይጀምሩ። ኤክስተርናል ሃርድ ቢገኝ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ትልቅ ፍላሽ። ትንንሽና የማይተኩ ፋይሎችን ያስቀድሙ፤ የዎርድ ሰነዶች፣ ውሎች፣ የደንበኛ ፎልደሮች። የሠርግ ቪዲዮና ዘፈን ኋላ ይደርሳል። ዴስክቶፕ ላይ ያለውንና ማይ ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን አይርሱ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ናቸው፤ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው ሲን ነው። ዲ ላይ ያለው ተረፈ ሲባል ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ሁሉ ሄደ የሚል ለቅሶ ስንቴ ተሰምቷል።

ጽሕፈት ቤት ስለሆኑ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። የድሮው ፓወር ግዕዝ ፊደሎች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት) አይደሉም። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው ፋይሌ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ፋይሉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፊደሉ ነው። ስለዚህ ከሰነዶቹ ጋር ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚባለውን ፎልደርም ኮፒ ያድርጉ። የፓወር ግዕዙ መጫኛ ሲዲ ካለዎት እሱንም ደህና ቦታ ያኑሩት።

ኮፒው ሲያልቅ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂት ፋይሎችን ከፍተው ይዩ። ያልተከፈተ ኮፒ አይታመንም። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ያለ ቫይረስ ስለማይገኝ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢያገኟቸው አይደንግጡ። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው የሚገኙት። ሾርትከቶቹን ግን አይክፈቱ።

አሁን ወደ ምርመራው። ፋይሉ ወጥቷል፣ ልባችን ዐርፏል። በማግሥቱ ጠዋት ያብሩት። ጽሑፉ ሲመጣ ምንም አይንኩ። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሪስታርት ያድርጉ። በዚያው ከተነሳ የኔ ግምት ትክክል ነው ማለት ነው። በኃይል ቁልፉ አጥፍቶ ማብራት ግን ይቅር። ባጠፉት ቁጥር ሞተሩን እንደገና ከዜሮ ያስጀምሩታል፣ ችግሩን ራስዎ ይደጋግሙታል።

ጆሮዎንም ወደ ሳጥኑ ጠጋ ያድርጉት። ደህና ሃርድ ሲነሳ ድምፁ ዝቅ ካለ ጀምሮ እየቀጠነ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይረጋል፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚል አጭር ድምፅ ይከተላል። ጭንቅላቶቹ ሲነሱ ነው። ድምፁ ወጣ እያለ መሃል ላይ ከወደቀና እንደገና ከጀመረ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል። ይህ የኤሌክትሪክ እጥረት ዋና ምልክት ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ሰሌዳው ተቃጥሏል፣ ወይ ሞተሩ ተይዟል። ተነስቶ፣ ረግቶ፣ ከዚያ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ እያለ ከቀጠለ ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ወዲያው አጥፉት እላለሁ።

ስለ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ልቆይበት። ሃርድ ዲስክ ሲዞር ከ12 ቮልቱ የሚወስደው ግማሽ አምፔር አካባቢ ነው። ሲነሳ ግን ወደ 2 አምፔር ይደርሳል። ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ሲነሳ የየቤቱ መብራት ደብዘዝ ብሎ እንደሚመለሰው ነው፤ ጭነቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ለቀኑ ሥራ በደንብ ይበቃል፣ ያችን የመነሻ ጭነት ግን መሸከም ያቅተዋል። ቮልቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይዘገያል፣ ባዮስ ቀድሞት ያልፋል።

ፓወር ሰፕላይን የሚያስረጁት በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። ካፓሲተር ማለት ኤሌክትሪኩ እንዳይንቀጠቀጥ አጠራቅሞ የሚለቅ ክብ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ ነው። ጤነኛው አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ያረጀው አናቱ ያብጣል፣ ወይም ቡናማ ነገር ይተፋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩ ኮምፒውተሮች ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ በሽታ ነበር፤ የእርስዎ ፔንቲየም 4ም በዕድሜው እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ያረጀ ካፓሲተር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ሌሊቱን በርዶ ያደረ ኮምፒውተር ጠዋት የሚያስቸግረው፣ ቀን ግን ደህና የሚሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የሳጥኑን ጎን ከፍተው ማዘርቦርዱ ላይ፣ በተለይ ፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ያበጠ ካፓሲተር ካለ በዓይን ማየት ይችላሉ። መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉት። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ሳጥን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ። የኛ 220 ቮልት እዚያ ውስጥ ሲለወጥ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፣ ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቴስተር ያለው ሰው ካገኙ ቮልቱን ያስለኩ። ትርፍ የሆነ ባለ አራት ቀዳዳ የኃይል ሶኬት ከፓወር ሰፕላዩ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ በጥቁሩ፣ ቀዩ ጫፍ በቢጫው ሽቦ ቀዳዳ። ከዚያ ያብሩ፣ ቁጥሩንም ሃርዱ በሚነሳበት ሰዓት ይመልከቱ። ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። በቀዩ ሽቦ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25። ከዚያ ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር። ርካሽ ቴስተር ለቅጽበት የሚወርደውን ቮልት ላያሳይ እንደሚችል ግን ይወቁ። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከርን የመሰለ የለም። ጎረቤት ሱቅ ያለ ያረጀ ኮምፒውተር ይበቃል። በሌላው ፓወር ሰፕላይ ሁለት ሦስት ጠዋት በመጀመሪያው ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኘ።

አሁን ወደ ባትሪዋ። «ሰዓቱ ወደ 2002 ይመለስብኛል» ብለዋል። ይህ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ያለፈ ዓመት ስለሆነ ኮምፒውተሩ የተሳሳተው በዘመን ልዩነት አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ስሟ ሲአር2032 ነው፣ ባለ 3 ቮልት፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁና በየሰዓት ጠጋኙ የምትገኝ። ቴስተር ላይ ከ2.7 በታች ካሳየች ትቀየር።

ለምን መብራት ሲጠፋ እንደሚብስ ደግሞ እዚህ ጋ ይገለጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ስፒናው ሶኬት ላይ እስካለና መብራት እስካለ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ ይገባል። ያ ኤሌክትሪክ የባዮሱን ማስታወሻ ይዞ ያቆየዋል። ባትሪዋ ብትሞትም ማንም ልብ አይለውም። መብራት የጠፋ ዕለት ወይም ማታ ሱቅ ሲዘጉ ዲቫይደሩን ያጠፉ ዕለት ግን ማስታወሻው ይጠፋል። ሰዓቱ ይመለሳል። ባዮሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ ፈጣን አነሳስ ይበራል፣ ሃርዱን የመጠበቂያ ጊዜ ዜሮ ይሆናል፣ የቡት ቅደም ተከተሉ (ከየትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚነሳ) ይገለበጣል። ማታ ዲቫይደሩን የሚያጠፉ ከሆነ (በትክክል ነው የሚያደርጉት፣ ይቀጥሉበት) ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ይህንን ነው። የዘገየ ሃርድና የቸኮለ ባዮስ ሲገናኙ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባትሪዋን ይቀይሩ። ከፓወር ሰፕላይ በጣም ትረክሳለች። ስፒናውን ይንቀሉ፣ የያዛትን ትንሽ ብረት በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉ ብቅ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ። ከዚያ ሲያበሩ ዴሊት ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ፤ በአንዳንዱ ኮምፒውተር ኤፍ2 ነው። ባዮስ ውስጥ ይገባሉ። ቀኑን ያስተካክሉ። የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ ሃርድ ዲስክን አንደኛ ያድርጉ። ኩዊክ ቡት ወይም ፋስት ቡት የሚለውን ያጥፉት። ዲሌይ የሚል ቃል ከሃርድ ዲስክ ስም ጋር ካዩ 10 ወይም 15 ሰከንድ ይስጡት። በሁሉም ባዮስ ላይ አይገኝም። ከሌለ ኩዊክ ቡትን ማጥፋቱ ራሱ ራሙን በደንብ እንዲቆጥር ስለሚያደርገው ጥቂት ሰከንድ ይገዛልዎታል። ኤፍ10 ተጭነው አስቀምጠው ይውጡ።

እዚያው ውስጥ እያሉ የሃርዱ ስም መታየቱንም ይዩ። ስሙና ቁጥሩ በትክክል ከተጻፈ ሃርዱና ማዘርቦርዱ እየተነጋገሩ ነው። ስሙ የተዛባ ፊደል ከሆነ ወይም አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ካስቸገረ ሽቦውን ይጠርጥሩ።

የእርስዎ ዘመን ሃርድ ብዙውን ጊዜ በሰፊው ጠፍጣፋ የአይዲኢ ሽቦ ነው የሚገናኘው። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል፣ ጥቁሩ ጫፍ ዋናው ሃርድ ላይ፣ ግራጫው መሃል ያለው ለሁለተኛው ዕቃ ነው። ተገልብጦ የተሰካ ብዙ አይቻለሁ፣ ለጊዜው ይሠራና በኋላ ያስቸግራል። ሽቦውን ሲነቅሉ ፕላስቲኩን ይዘው ይንቀሉ፣ ሽቦውን አይጎትቱ። በክረምት እርጥበት የተነሳ ጫፎቹ ላይ ስስ ዝገት ስለሚይዝ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ብቻውን የሚያድነው ጊዜ አለ። ከሃርዱ ኋላ ያለችውን ጃምፐር የምትባል ትንሽ ቆብም ይዩ። ብቻውን ያለ ሃርድ ማስተር (አንደኛ) መሆን አለበት። ዌስተርን ዲጂታል ከሆነ ግን ልዩ ጸባይ አለው፤ ሽቦው ላይ ብቻውን ሲሆን ጃምፐሩ ጨርሶ መውጣት አለበት። ማስተር ላይ ከተዉት የሌለ ሁለተኛ ሃርድ እየጠበቀ ይዘገያል። አብሮት የነበረው የሲዲ ማጫወቻ ከሽቦው ከተነቀለ በኋላ «ሃርዱ አልነሳ አለ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው።

ቀጭኑ የሳታ ሽቦ ላላቸው አንባቢዎች ባጭሩ፦ የመጀመሪያዎቹ የሳታ ሽቦዎች መቆለፊያ የላቸውም፣ ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ ይላላሉ። ባትሪ ሞቶ ባዮሱ ከተመለሰ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ያለው የሳታው የአሠራር ምርጫ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሊቀየር ይችላል። ያን ጊዜ ኤክስፒ መነሳት ይጀምርና ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ይቆማል። ወደ ቀድሞው መመለስ ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት ፎርማት የተደረገ ሃርድ ብዛቱ ያሳዝናል።

ጽሑፉ ራሱም ይለያያልና አንብቡት። «ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» ካለ ሃርዱ ተነስቷል፣ ተነብቧል፣ የጠፋው የዊንዶውሱ መነሻ ፋይል ነው። እሱ በኤክስፒ ሲዲ ፋይል ሳይነካ ይጠገናል። ከዚያም በፊት ዩኤስቢ ላይ የተረሳ ፍላሽ ካለ ይንቀሉት። የጽሕፈት ቤት ነገር ሆኖ ደንበኛ ፍላሹን ረስቶ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ጠዋት ከእሱ ለመነሳት ይሞክራል።

የፍሪጁ ነገር። ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። በጣም ድሮ በነበሩ ሃርዶች ጭንቅላቶቹ ዲስኩ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩበት ጊዜ ስለነበር ብርድ ያላቅቀዋል ይባል ነበር። አሁን ግን ጉዳቱ ይበልጣል። ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ ያልበዋል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀዳዳ አለው፣ በማጣሪያ አየር ይተነፍሳል። ያ ላብ ዲስኩ ላይ ሲያርፍ አበቃ። በዚያ ላይ የእርስዎን ሃርድ ብርድ ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም። የሞተሩ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ብዙ ሃርዶች ከ5 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። የጎንደር የታኅሣሥ ጠዋት ሱቅ ውስጥ እዚያ አይደርስም፣ የደከመን ሞተር ግን ትንሽ ያከብደዋል።

ከፍታውን ደግሞ ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ጭንቅላቶቹ ዲስኩን አይነኩም። ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በምታንስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋሉ። አየሩ ሲሳሳ ንጣፏም ትሳሳለች። ብዙ አምራቾች ለሚሠራ ሃርድ የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እርስዎን አይመለከትዎትም። ደባርቅም ገና ከልኩ በታች ናት። ነገር ግን ላፕቶፕ ይዘው የስሜን ተራሮች ካምፖች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ልብ ይበሉት፤ እዚያ የሚሽከረከር ሃርድ ሳይሆን ኤስኤስዲ (የሚዞር ዲስክ የሌለው ማከማቻ) ነው የሚሻለው።

ስለ መብራት መጥፋት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አያብሩ። በዚያች ሰዓት የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና ወፍጮ አብሮ ስለሚነሳ ቮልቱ ወጣ ገባ ይላል። አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይታገሱ። ስታቢላይዘር ካለዎት ጥሩ፣ ዩፒኤስ ግን ይበልጣል። ስታቢላይዘር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ግን በራሱ ባትሪ ኮምፒውተሩን በወጉ እስኪያጠፉ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ይህን ሁሉ አድርገው ሃርዱ አሁንም ከዘገየ ሞተሩ ራሱ ደክሟል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የቆዩት ቅጂዎቹ ኤክስፒ ላይ ይሠራሉ። ሃርዱ ስለ ራሱ የመዘገበውን ያሳይዎታል። ስፒን ሪትራይ ካውንት የሚለው ከዜሮ በላይ ከሆነ ሞተሩ በመጀመሪያው አልነሳ ብሎ ደግሞ ሞክሯል ማለት ነው። ሪአሎኬትድ ወይም ፔንዲንግ ሴክተር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየተጎዳ ነው። ሲአርሲ ኤረር ብቻ ከሆነ የሚጨምረው ግን ሃርዱን ሳይሆን ሽቦውን ይቀይሩ። ብዙ ሰው ሽቦ በሚበቃበት ቦታ ሃርድ ይገዛል።

ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ላይ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ አይሞክሩ፣ ክዳኑንም ማንም እንዳይከፍትብዎ። ሰሌዳውን ከሌላ ተመሳሳይ ሃርድ አውጥቶ መግጠም ድሮ ይሠራ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰሌዳ የራሱን ሃርድ መለኪያ የያዘች ትንሽ ቺፕ ስላለው ቺፗ አብራ ካልተዛወረች አይነሳም። ሰሌዳውን ፈትቶ ከሥሩ ያሉትን የነሐስ ነጥቦች በእርሳስ ላጲስ ማጽዳት ግን ባለሙያ የሚያደርገው ርካሽና ጠቃሚ ነገር ነው። ጠቁረው ይገኛሉ።

መተካት ካለብዎ የአይዲኢ ሃርድ አዲስ አይፈልጉ፣ የሚገኘው ያገለገለ ነው። ከሳታ ወደ አይዲኢ መቀየሪያ ገዝቶ ትንሽ ኤስኤስዲ መግጠም ይሻላል። ኤስኤስዲ የሚዞር ሞተር የለውም፣ ባዮስን አያስጠብቅም፣ ለደካማ ፓወር ሰፕላይም ጭነቱ ቀላል ነው። መጠኑ 120 ጊጋ ይብቃዎት። ብዙ የድሮ ባዮሶች ከ137 ጊጋ በላይ ያለውን አያዩትም። ሃርዱ ገና እየተነሳ ሳለ ሙሉውን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ (ክሎን ማድረግ) ይቻላል፤ ፓወር ግዕዙም፣ ፕሪንተሩም፣ ሁሉም እንደነበረ ይመጣል። ኤክስፒውን ግን ከኢንተርኔት ያርቁት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ ትቶታል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ዛሬ ፋይል፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ፓወር ሰፕላይ ነው። ባትሪው ተቀይሮ፣ ኩዊክ ቡት ጠፍቶ ሦስት ጠዋት ካስቸገረዎት ቢጫው ሽቦ ላይ ያዩትን ቁጥርና ባዮስ ውስጥ የተጻፈውን የሃርዱን ስም ይላኩልኝ።